ከተራው የወጣ

ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ከምድር ቤቱ ክፍል፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሌላ ወሬ ሳይል፣
ዶክተር አጥናፉ፣ ልጅ አስቀምጦ ፊቱ፣
ቁጥር ያስጠራ ነበር፤ ይኸው ነው እውቀቱ።

“አራት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት…” ይላል ረጋ ብሎ፣
ልጁም ይደግማል እግሩን አንጠልጥሎ፤
አምስት ድረስ ይሮጣል፣ ስድስት ላይ ያነክሳል፣
ሰባት ሲሞላማ ከንፈሩን ይነክሳል።
እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ። መዝገብ ላይ ሳሰፍር፣
ሰባት ላይ ይሰበር ነበር የሁሉም ልጅ ቁጥር።

ስለ ሌላው ነገር ቢጠይቁት ማንም፣
መነጽሩን አውልቆ፣ “ይኼን እንኳ አላውቅም”
ይል ነበር።
ያቺን ‘አላውቅም’ን እወድለት ነበር።

አንድ ቀን ሬዲዮ ጠራው። “ስለ ዶላር ዋጋ፣
ከሥነ ልቦና አንጻር…” ወደ ድምፁ ጠጋ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ተናገረ፤ አማረ፤ ግምቱን እውነት አድርጎ።

ከዚያ ማን ይመልሰው?
ሰኞ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ሐሙስ ስለ ድልድይ፤
“ድልድይም ይጨነቃል፤ ሰው ብቻ ነው ወይ?”
አለና አዳራሹ በጭብጨባ ሞላ፤
(መሐንዲሱ ብቻ አቀርቅሮ ቀረ፣ ከጠረጴዛው ኋላ።)
ጭብጨባ እንደ ጠላ ነው፤ መጀመሪያ ይጎመዝዛል፣
ሦስተኛው ጣሳ ላይ ባለቤቱን ያዝዛል።
ትንንሾቹ ወንበሮች አቧራ ለበሱ፣
በሩን የሚያንኳኩም ልጆች ተመለሱ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣
ጥናት አምጣ አሉት፣ ለቢሮ የሚተርፍ።
አራት ኪሎ ወረድን፣ ካፊያው ሲያረጥበን፣
ሐውልቱን ተገን አርገን፣ አንድ ጃንጥላ ይዘን።

ከጋዜጣ አዟሪው እስከ ጁስ ቤቱ በር፣
የፒያሳ ሰልፈኛ ተጠምዝዞ ነበር።
ዶክተር ይጽፋል፦ “ሰው ስምንት ደቂቃ
ይታገሣል እንጂ፣ ከዚያ ትዕግሥት አልቃ
ግፊያ ይከተላል።”
ከትከሻው ኋላ አንድ ሰው ያነባል።
ተራ አስከባሪው ነው። ጫንያለው ይባላል፤
ብጫ ሰደርያው ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል።

“ጌታዬ፣ ውሸት ነው” አለ በትሕትና።
“ታክሲ በሌለበት ሰው አይጋፋምና፤
አንድ ሰዓት ይቆማል፣ ቅዝዝ ብሎ፣ ተስፋ ቆርጦ።
ግን አንዲቷ ብቅ ስትል ከወደዚያ፣ መብራቷ አፍጥጦ፣
ያን ጊዜ ነው ጉዱ! ሽማግሌ ይዘላል።
ተስፋ ነው የሚያጋፋው። ማጣትማ ያሰልፋል።”

ዶክተር ዝም አለ፤ ስምንቷን ሰረዘ፤
የቀረው ጽሑፍም ዝናብ ነክቶት ደበዘዘ።

“ለመሆኑ” አለው፣ “ሙያዎ ምንድን ነው?”
“ሥነ ልቦና…”
ሰውዬው ፊሽካውን ካንገቱ አወለቀው።
“እንግዲያ ልብ ያውቃሉ። እኔ ልጅ አለችኝ፤
ትርንጎ ትባላለች፤ ሄዳ የቀረችኝ።
ሁለት ዓመት ሞላ፤ ስልኳን ስደውለው፣
‘ማግኘት አይችሉም’ ነው፤ ያቺው ሴት ናት የምትመልሰው።
ቁጥሩ ግን…” አለና፣ ከዜሮው ጀምሮ፣
አሥሩንም ወረደው፣ እንደ ዳዊት፣ አንገቱን ሰብሮ፣
ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣
አንዲቷን ሳይገድፍ፣ ሳያነክስባት።

ሰባት ላይ ይሰበራል ብሎ የጻፈው ሰው፣
አሥር ያልተሰበረ ፊቱ ቆሞ ቢያየው፣
ጃንጥላውን ብቻ ወደሱ አዘነበለ፤
የኔ ትከሻ ረጠበ፤ ማንም ምንም አላለ።

“ሌሊት ይመጣብኛል። መርሳት ቀን የለውም?”
ዶክተር መነጽሩን አወለቀ።
“አላውቅም።”

ያቺ የድሮዋ ቃል ዝጋ ነበር ድምፅዋ።

ታክሲ መጣ፤ ሰው ተጋፋ፤
ጫንያለው ሮጠ፣ ፊሽካውን ነፋ።
የዶክተር ቤት ቅርብ ነው፤ በእግር ያስኬዳል፤
እሱ ግን ከፒያሳው ሰልፍ፣ ጭራው ላይ ቆሟል።
ሰዓቴን ሳላቆመው ረስቼ፣ እስካሁን ይቆጥራል።

ስልኩ ጮኸ ኪሱ ውስጥ። ሬዲዮው ነው መሰለኝ።
አላነሳም።
“ስንተኛ ነን?” አለኝ።